ከዘጠኝ በፊት አሥራ አምስት

ባለፈው ቅዳሜ አዳምስ ሞርጋን ጎራ ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ 18ኛው ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ጎን ለጎን ተደርድሮ ያያችሁ አንባቢያን ዛሬ ብታዩት ትዝታው ያስተክዛችኋል። አብዛኛው ወገን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ጓዙን ጠቅሎ ሄዷል። ቡናዬን ይዤ ስቀመጥ አንድ የአገሬ ልጅ ወፍራም የሊኑክስ መጽሐፍ ዘርግቶ ያነባል። ማታ ፓርኪንግ ይሠራል፤ ቀን ያጠናል። ሰኞ ኢንተርቪው አለበት።

«ጋሼ፣ አንድ ፕሮግራም አልንቀሳቀስ ብሎ ቢደርቅ ምን ታደርጋለህ ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ኪል ዘጠኝ!» አለኝ ሳያቅማማ።

ይህች መልስ እኔንም አንድ ቀን ልታስባርረኝ ነበር። ጋዜጠኝነቱን ትቼ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል የሌሊት ተረኛ ሳለሁ የደመወዝ ሒሳብ የሚሠራው ፕሮግራም ደረቀብኝ። በ9 መታሁት። ፋይሉ ተጽፎ ሳያልቅ ተበላሸ። ከባክአፑ ስመልስ ነጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ በጀመሩት ዩኒክስ፣ በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ ባወጣው ሊኑክስም፣ እየሠራ ያለ ፕሮግራም «ፕሮሰስ» ይባላል። ፕሮሰስ እንደ ሰው ከወላጅ ይወለዳል። አባቱ «ፎርክ» በሚባል ጥሪ የራሱን ግልባጭ ይፈጥራል፤ ግልባጩ በ«ኤግዜክ» አዲሱን ፕሮግራም ይለብሳል። «ፒኤስ» በሚባለው ትእዛዝ የልጁንም የአባቱንም ቁጥር ማየት ይቻላል። አባቱ ቀድሞት ቢሞት ልጁ ሜዳ ላይ አይወድቅም፤ በተለምዶ ቁጥር 1 የሆነው ፕሮሰስ ያሳድገዋል።

«ኪል» ስሙ ግድያ ይሁን እንጂ ሥራው መልእክት ማድረስ ነው። ቁጥር ካልጨመራችሁበት 15ን ይልካል። 15 ሽማግሌ ነው፤ «ዕቃህን ሰብስበህ ውጣ» ይላል። ጨዋ ፕሮግራም ፋይሉን ዘግቶ ይወጣል። 9 ግን ጥይት ነው፤ ፕሮግራሙ ሊሰማውም ሊመክተውም አይችልም።

«ዞምቢስ ጋሼ? በ9ም አይሞትም ይላሉ።»

የሞተ እንዴት ዳግም ይሞታል? ዞምቢ መርዶው ያልተነገረ ሟች ነው። ልጁ አልፏል፤ አባቱ ግን «ዌይት» በሚባለው ጥሪ ፍጻሜውን ስላልጠየቀ ስሙ ከመዝገብ አልተፋቀም። እኛ ስደተኞች ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻንም፤ የአገር ቤት መርዶ ስንት ጊዜ ዘግይቶ ደርሶናል? ስለዚህ ጥፋቱን ከሟቹ ሳይሆን ከአባቱ ፈልጉ። አባቱ ሲዘጋ ቁጥር 1 ሟቹን ተረክቦ መዝገቡን ያጠራል።

ልጁ ለሰኞ የያዘው መልስ ይህ ሆነ፤ መጀመሪያ በፒኤስ ማንነቱንና የማን ልጅ እንደሆነ አያለሁ፤ 15 ልኬ ጥቂት እታገሣለሁ፤ 9 ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ብቻ። መጽሐፉን አጥፎ ወደ ፓርኪንጉ ሮጠ። ይቅናው በሉልኝ።

ቸር እንሰንብት።