ኮማ የትንፋሽ ማረፊያ አይደለችም

በእንግሊዝኛ የጻፍነው ድርሰት ታርሞ ሲመለስልን በቀይ ቀለም ከተከበቡት ምልክቶች ብዙዎቹ ኮማዎች ናቸው። ተማሪውም ውጤቱን አይቶ «ለአንዲት ጭረት ይህን ያህል ነጥብ ይቀነሳልን?» እያለ ያጉረመርማል። እኔ ግን ጭረቷ ትንሽ ናት በሚለው አልስማማም። ይልቅስ ችግሩ ትምህርቱ ከማናውቀው መጀመሩ ነው እላለሁ።

ማስታወቂያ ተለጠፈ እንበል። «ዘ ስቱደንትስ ሁ ፌይልድ መስት ሊቭ» ቢል የሚሰናበቱት የወደቁት ብቻ ናቸው፤ ያለፉት ይቀራሉ። «ዘ ስቱደንትስ፣ ሁ ፌይልድ፣ መስት ሊቭ» ተብሎ በሁለት ኮማ ቢታጠር ግን ተማሪዎቹ በሙሉ ወድቀዋል፤ በሙሉም ይሰናበታሉ ማለት ነው። ቃሉ አንድ ሲሆን ፍርዱ ሌላ ሆነ።

ይህ ለምን ያስቸግረናል? አማርኛችን ልዩነቱን በምልክት ስለማያሳይ ነው። በአማርኛ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፤ «የ» ወይም «የሚ» በግሡ ላይ ተጨምሮ ሥራውን ይፈጽማል። «የወደቁት ተማሪዎች ይሰናበታሉ» ስንል ከፊሉ ይሁኑ ሁሉም፣ የሚያስረዳን የነገሩ አካባቢ ነው። «በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ያደረጉት ዳግማዊ ምኒልክ» ስንልም አገባቡ ያው ነው። ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ አንድ ናቸውና ገላጩ እሳቸውን ከሌላ ለመለየት የገባ ሳይሆን ተጨማሪ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ተጨማሪ በኮማ ያጥረዋል።

እንግዲህ መመዘኛው ይህ ነው። ገላጩን ብናወጣው የምንናገርለት ሰው ወይም ነገር የትኛው እንደ ሆነ የሚጠፋብን ከሆነ ኮማ አያስፈልግም። የማይጠፋ ከሆነ ከፊቱም ከኋላውም ኮማ ይግባ፤ ገላጩ በመጨረሻ ከዋለ የኋላውን ነጥብ ይተካዋል። በኮማ በታጠረው ውስጥ «ዛት» አይገባም፤ ለሰው «ሁ»፣ ለነገር «ዊች» ይባላል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የቋንቋ አጠቃቀም መዝገብ «ዛት» ለሚለየው፣ «ዊች» ለተጨማሪው ቢመደብ መልካም ነው ሲል አሳስቦ ነበር። ሆኖም ብዙ ጸሐፊዎች ለሚለየውም «ዊች» ስለሚጽፉ የማያሳስተው መለያ ኮማው ነው።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ትምህርቱን «የወደቁት ተማሪዎች» ከሚለው ከራሳችን ዐረፍተ ነገር እንዲጀምሩልን ነው። ተማሪው የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው ይሻገራል። እኛም ወንድሞችና እኅቶች ትንፋሽ ባጠረን ቁጥር ኮማ መጣሉን እንተው። የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ጥናታችንና ማመልከቻችን በእርሱ ይነበባል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በወረቀት የሰፈረውማ ጸሐፊው በሌለበት ይፈረድበታል።