«እኔ አልነዳሁ» የሚል ባለመኪና

ጥያቄ፦ መንገድ ስሻገር ሚኒባስ ገጭቶኝ እግሬ ተሰበረ። ሹፌሩ ምንም የለው። ባለመኪናው ደግሞ «እኔ አልነዳሁ፤ 10,000 ብር ተቀበይና ዕርቁን ፈርሚ» እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ እግዜር ይማርሽ። እንዳትፈርሚ! «ሞኝህን ፈልግ» በይው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለመኪና ሌላ ሰው ቢነዳለትም፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። (አንቺም ካጠፋሽ ግን ካሳው ይቀነሳል፤ እውነቱን ለጠበቃሽ ንገሪ።) የሐኪም ማስረጃና ደረሰኝ፣ የመድኃኒቷን ቁራጭ ወረቀት ሳይቀር፣ አትጣይ። ከሥራ የቀረሽበትም ይቆጠራል። የሦስተኛ ወገን መድን የገባው የት እንደሆነ በትራፊክ ፖሊስ በኩል አጣሪ። ሹፌሩ በወንጀል ስለተከሰሰ ብቻ ካሳው ይመጣል ብለሽ አትቀመጪ፤ የካሳ ክሱን ከተጎዳሽበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ አቅርቢ። ሽምግልናውን አንጠላም፤ ግን እግርሽ ሳይድን ካሳውን ማን ለካው?