ሳይቃጠል በቅጠል

‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ግን ነገሩ ተቃጥሎ ካበቃ በኋላ ቅጠል ይዘን የምንሮጥ ሆነናል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ አሮጌ ስክሪንና ስለ አንድ ቁልፍ ነው።

እንደሚታወቀው በትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ክፍላችን ጀርባቸው የወፈረ፣ ባለ ሥዕል ቱቦ አራት ስክሪኖች አሉ። ሦስቱ የኮምፒዩተር ናቸው። አራተኛው ከአሮጌ የጨዋታ ማሽን ላይ የወጣና በእርዳታ የመጣ ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት እኛ አምስት ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ስንዘጋጅ ይህንኑ አራተኛውን መረጥን። የኤሌክትሮን ጨረር በማግኔት ኃይል እንዴት እንደሚመራ ለተማሪ በዓይኑ ለማሳየት ከሥዕል ቱቦ የተሻለ መሣሪያ አላገኘንም።

ሽቦውን በእጃችን አበጅተን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኘነው። ማብሪያውን ስንጫን ቀጭን ፉጨት ወጣ፤ ሥዕሉም ተቆራርጦ ይሮጥ ጀመር። ከመካከላችን አንዱ ‹‹ቆይ፣ ይስተካከላል›› አለ። ምን ይስተካከላል! ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ከዚያ ጨለማ ሆነ። በማግሥቱ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠለጠለ። እስከ ዛሬም አልወረደም።

ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አንክድም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ‹‹መብራት ነው ያቃጠለው›› ብለን ልናልፍ ሞክረን እንደነበር እዚሁ ብንናገር ይሻላል። መብራቱ በየጊዜው ስለሚያስቸግር ውሸቱ የሚታመን ነበር። በዚያን ቀን ግን መብራቱ ምንም አላጠፋም።

ታዲያ ምን አቃጠለው? ነባሩ የአገራችን ቴሌቪዥን አንዱን ሥዕል በ625 መስመር ይሥል ነበር። በሴኮንድ 25 ሥዕል ሲሆን 625 በ25 ሲባዛ 15,625 ይመጣል። ጨረሩ በአንድ ሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ ከዳር ዳር ይመላለሳል ማለት ነው። በአጭሩ 15 ኪሎኸርዝ ይሉታል። የአብዛኞቹ የድሮ ጨዋታ ማሽኖች ስክሪንም በዚሁ ልክ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪ.ጂ.ኤ. የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን 31.5 ኪሎኸርዝ ያዛል፤ እጥፍ መሆኑ ነው። ጨረሩን ‹‹አሁን ተመለስ›› የሚለው ትእዛዝ ሲንክ ይባላል። በቀን አንድ ጥማድ የለመደን በሬ ሁለት ጥማድ እረስ ብንለው ምን እንደሚሆን የገበሬ ልጆች እናውቃለን። ጨረሩን የሚያመላልሰው ትራንዚስተርም እንዲሁ ነው። ከልኩ በላይ ሲታዘዝ በጊዜው መክፈትና መዝጋት ያቅተዋል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል። ኋላ የመጡት ስክሪኖች የማይችሉት ትእዛዝ ሲመጣባቸው ‹‹ከልኬ ውጭ ነው›› የሚል ጽሑፍ አውጥተው እምቢ ይላሉ። አሮጌው ግን እምቢ ማለትን አያውቅም።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ባለ አንድ ቀለም ስክሪን በተሳሳተ ትእዛዝ ብቻ ሊበላሽ ይችል ነበር። የሊኑክስ ተጠቃሚዎችም በፊት የስክሪናቸውን ልክ ሳያውቁ ቁጥር እንዳያስገቡ በመመሪያው ላይ ይነገራቸው ነበር።

ለደገኞች ደግሞ ሌላም የሚጤን ነገር አለ። ብዙዎቻችን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ነን፤ ተመድበን የምንሄደውም ወደዚያው ነው። የመርሐቤቴው ዓለም ከተማ ዝቅ ይላል፤ የመንዙ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የጋለ ዕቃን እንደ ቆላው ፈጥኖ አያበርድም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅም በስስ አየር በቀላሉ ይዘላል። በውርጭ ያደረ ዕቃ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ላብ ያወጣል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የማይጎዳ ስሕተት እኛ ዘንድ ሊጎዳ ይችላል።

መፍትሔው ታዲያ ቁልፍ ነውን? አይደለም እንላለን። ሐሳባችን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በየስክሪኑ ግንባር ላይ ስንት ኪሎኸርዝና ስንት ቮልት እንደሚችል በትልቁ ይጻፍ። ከውጭ የሚመጡት የጨዋታ ማሽን ስክሪኖች ብዙዎቹ ለ110 ወይም ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ የእኛ መብራት 220 ነው።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ፣ በመጨረሻ ስክሪኑ ይብራ። ኮምፒዩተር በኋላ ወደ 15 ቢስተካከልም ሲነሣ ግን በ31 ነው የሚጀምረው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ15 በላይ የሆነውን ሲንክ የምታግድ ጄ-ፓክ የተባለች ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ብትገኝ መልካም፣ ካልተገኘች ጥንቃቄው ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ፉጨት ከተሰማ ወይም ሥዕሉ ከተቆራረጠ ‹‹ቆይ›› አይባል፤ ወዲያው ይጥፋ።

አራተኛ፣ ጀርባውን ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይክፈት። በቱቦው ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ከጠፋም በኋላ የቀረው ሰው ይመታል።

‹‹ለአሮጌ ዕቃ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምንድን ነው?›› የሚሉን ጓደኞች አሉ። አንደኛ ነገር፣ የሥዕል ቱቦ ያመርቱ የነበሩት ትላልቅ ፋብሪካዎች ሥራውን ትተዋል፤ የጠፋው አይተካም። ሁለተኛም ጉዳዩ የስክሪን ብቻ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ታላላቆቻችን ከሳተላይት ተምረዋል። እኛ ስንደርስ ግን ስክሪኑን ግድግዳ ላይ ጠቁሮ ነው ያገኘነው። ማይክሮስኮፕንም በተቆለፈ ቁም ሣጥን መስታወት አይተን ነው ያለፍነው። መምህራኖቻችን ክፉዎች ሆነው አይደለም። ዕቃው ቢበላሽ ተጠያቂ ይሆናሉ፤ እንዴት እንደሚጠበቅ ደግሞ ያሳያቸው የለም። ስለዚህ ቆለፉ። እኛም እዚህ የተማርነው መቆለፍን ከሆነ ነገ መሐል ሜዳ ወይም ራቤል ሄደን የምንሠራው ያንኑ ነው።

መምህሮቻችን ‹‹ተከፍቶ ሌላ ቢቃጠልስ?›› ቢሉን አይፈረድባቸውም። ለዚህም ነው ኃላፊነቱን በጽሑፍ ለመውሰድ የተዘጋጀነው። ተረኛ ይመደብ፤ መዝገብ ይያዝ፤ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ስክሪን እንደሠራ ይፈረም። የተቃጠለውንም ባለሙያ ይየው። እንዲህ ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ትራንዚስተሩ ነው እንጂ ቱቦው አይደለም። ወጪውን አምስታችን ከኪሳችን እናዋጣለን።

አራቱን ነጥቦች በካርቶን ላይ ጽፈን ጨርሰናል። የሚቀረው በሩ ተከፍቶ መለጠፉ ነው። መምህራንም ዕጩ መምህራንም በሚቀጥለው የክፍል ስብሰባ ተነጋግረውበት ውሳኔ እንዲሰጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።