ሂሳብ የሌለው ስልክ

የሞባይል ታሪካችን ሲተረክ ሁልጊዜ ከሪባን ቆረጣው ይጀመራል። በ1991 ዓ.ም. አገልግሎቱ አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የማስፋፊያ ስምምነት ተደረገ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። ሁሉም እውነት ነው። በኔትወርኩ ላይ ሕይወት የዘሩት ሰዎች ግን በዚህ ትረካ ውስጥ የሉም። ዛሬ የምጽፈው ስለ እነሱ ነው፤ ስልክ ኖሯቸው፣ ስልካቸው ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሂሳብ ስላልነበራቸው ሰዎች።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞባይል የክብር ዕቃ ነበር። ቀፎው በቆዳ ማኅደር ሆኖ ቀበቶ ላይ ይሰካል፤ ካፌ ሲገባ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አኃዝ መሠረት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በመላ አገሪቱ የነበረው የሞባይል ደንበኛ 18 ሺህ እንኳ አይሞላም። በ1998 ዓ.ም. መባቻ የስልክ ቁጥር አሥር አኃዝ ሲሆን እነዚያ ነባር ቁጥሮች 0911ን ከፊታቸው አስቀድመው ቀጠሉ። ባለቤቶቻቸው እስከ ዛሬ በኩራት ይይዟቸዋል። ለመሆኑ 18 ሺህ ሰው ብቻ የያዘው ስልክ ምን ይሠራል? አናጢው የለው፣ የአውቶቡስ ረዳቱ የለው፣ ገበያ የምትውለው እናት የላት። የሚደውል ቢገኝ የሚደወልለት የለም።

ይህን የለወጠው፣ በእኔ እምነት፣ ከአንቴናው ይልቅ የአከፋፈሉ ደንብ ነው። በእኛ አገር የሚከፍለው ደዋዩ ነው፤ የሚቀበለው ሰው አምስት ሳንቲም አያወጣም። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ የሚደወልለትም ሰው ደቂቃ ይቆጠርበት ነበር። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን በቀን ስልክ ሲመጣባቸው «ከማታ በኋላ ደውልልኝ» ብለው ይዘጉ የነበረው ማታና ቅዳሜና እሑድ ነጻ ስለሚሆንላቸው ነው። በእኛ ደንብ ግን ባዶ ስልክም ስልክ ነው፤ ይጠራል፣ ይነሣል፣ ያነጋግራል።

በሰፈራችን እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ሞባይል ሳይመጣ በፊት ልጅቱ የምትደውለው ጎረቤት ቤት ባለው የመስመር ስልክ ነበር። አንድ ሕፃን እየሮጠ ይሄዳል፣ እሳቸው ምጣዱን ትተው እየሮጡ ይመጣሉ። እስኪደርሱ ድረስ የልጅቱ ካርድ ግማሹ አልቋል። ኋላ ልጅቱ ኖኪያ ላከችላቸው። ዱቄት እንዳይገባበት በፌስታል ጠቅልለው፣ በላስቲክ አሥረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት ነበር። የሰፈሩ ካርድ ሻጭ ልጅ አንድ ቀን «እትዬ፣ የሃያ አምስት ብር ካርድ ልሙላልዎት?» ቢላቸው፣ «ለማን ልደውልበት ነው? እሷ ትደውል የለ» አሉት። ልጁ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እኚያ ሴት ትክክል ነበሩ። እሳቸው ያንን ስልክ ባይዙ ከቤይሩት የሚመጣው ጥሪ ይቀንሳል፤ ከውጭ የሚገባ ጥሪ ደግሞ ለቴሌ ዶላር ነው። በሂሳብ መዝገብ ላይ ምንም የማይከፍሉ ደንበኛ ይሆናሉ። በተግባር ግን ከፋይ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

ሚስ ኮልም ከዚሁ የአከፋፈል ደንብ የመጣ ነው። ሂሳብ የሚቆጠረው ስልኩ ሲነሣ ነው፤ እስኪነሣ ድረስ ያለው ጥሪ ነጻ ነው። ሕዝቡ ይህችን ቀዳዳ ማንም ሳያስተምረው አገኛትና የራሱን ቋንቋ ሠራባት። አንድ ጊዜ ከጠራ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከጠራ «መልሰህ ደውል»፣ ከፍቅረኛ ሲሆን ደግሞ «አስቤሃለሁ»። ሚስ ኮልን ማንሣት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር፤ «ምን አስነሣህ? ሂሳቤን እኮ በላኸው!» የሚል ጭቅጭቅ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ይህን የፈጠረው መሐንዲስ ሳይሆን እጅ ያጠረው ሰው ነው። የቴሌኮም ኩባንያዎችም ነገሩን ዘግይተው ነው የተረዱት። «እባክህ ደውልልኝ» የሚል ነጻ መልእክት በየአገሩ አገልግሎት ሆኖ የወጣው ሕዝቡ ለራሱ ከፈጠረው በኋላ ነው።

እጅ ያጠረው ሰው ደንበኛ መሆኑን ጎረቤታችን ኬንያ ቀድማ አይታዋለች። በ2000 እ.ኤ.አ. ሳፋሪኮም ሲነሣ ተፎካካሪው ኬንሴል በደቂቃ ያስከፍል ነበር፤ ሳፋሪኮም በሰከንድ ማስከፈል ያዘ። «ደርሻለሁ፣ ውጣ» ለማለት አሥር ሰከንድ ይበቃል። በደቂቃ የሚያስከፍል ግን የስድሳውን ይወስዳል። በ2005 እ.ኤ.አ. ኬንያ ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ የሞባይል ደንበኛ ሲኖራት፣ የሕዝብ ብዛቷን እጥፍ የምናህለው እኛ ወደ 410 ሺህ ገደማ ላይ ነበርን። ልዩነቱን በድህነት ማሳበብ አይቻልም። ባንግላዴሽ ውስጥ ግራሚንፎን በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ከግራሚን ባንክ በተወሰደ ብድር ቀፎ የገዙ የገጠር ሴቶች ለመንደሩ ሰው በደቂቃ ያስደውሉ ነበር። ለድሃ እንደ ድሃ ኪስ ቆርሶ የሸጠ ሁሉ ገበያ አገኘ። እኛ ዘንድ ሻጩ አንድ ነበር፤ መስመሩ ጥቂት፣ ተመዝጋቢው ብዙ፣ ስለዚህም የኪሱን ልክ የሚጠይቅ አልነበረም።

በዚህ ላይ አጭር መልእክት ተዘጋ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት የቆመው የጽሑፍ መልእክት የተመለሰው ለ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ሰዉ ስለ ፖለቲካው ብዙ ተናግሯል። ስለ ዋጋው ግን የተናገረ አላየሁም። መልእክት ከድምፅ ጥሪ የረከሰ ነበር፤ የተዘጋው እንግዲህ ርካሹ በር ነው። ነጋዴው ደውሎ ይጨርሳል። ተማሪው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከክፍለ አገር መጥቶ የቀን ሥራ የሚሠራው ልጅ በሚስ ኮል ብቻ ቀሩ። ልጁ ለእናቱ ሁለት ቃል ጽፎ መላክ ሲችል፣ መታመሙንም መዳኑንም በአንድ ዓይነት ጥሪ እንዲናገር ተገደደ። ይህ በደል ነበር፤ በደል ተብሎም መጻፍ አለበት።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ገበያው ውስጥ አለ፤ በስልክ ገንዘብ ይላካል። ይሁንና የቴሌኮም ድርጅቶች ደንበኛን የሚመዝኑት እስከ አሁን በአንድ ሚዛን ነው፤ «በወር ስንት ሞላ?» ብለው ነው። በብዙ አገር ካርድ ሳይሞላበት የቆየ ቁጥር ሥራ ፈት ተብሎ ይዘጋል፤ ተወስዶም ለሌላ ይሸጣል። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ዛሬ ቢኖሩ በዚህ ሚዛን ሥራ ፈት ይባሉ ነበር፤ ልጃቸውም ከቤይሩት ስትደውል የማታውቀው ሰው ያነሣባት ነበር። እኔ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ መረጃውም በድርጅቶቹ እጅ አለ። አንድ ቁጥር ከመዘጋቱ በፊት ስንት ብር እንደሞላ ብቻ አይታይ፤ ስንት ጥሪ እንደተቀበለ፣ ከየት እንደተደወለለት፣ ደዋዩም ስንት እንደከፈለ አብሮ ይቆጠር።