ማሠሪያውና ፊርማው

ሰው ሲቀልድ «አማኑኤል ግባ» ማለት በግቢያችን የተለመደ ነው። ለፈተና ሲያነብ ያደረ፣ ብቻውን ሲያወራ የተገኘ፣ በስብሰባ ላይ ከብዙኃኑ የተለየ ሐሳብ ያቀረበ ሁሉ ይህ ይነገረዋል። እኛም ብለነዋል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመውና ለብዙ አሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል፣ ስሙ ከፈዋሽነቱ ይልቅ ለስድብ ሲያገለግል መኖሩ የሚያሳዝን ነው። ዳሩ ግን ዛሬ ብዕር ያነሣነው ስለ ስድቡ ጓደኞቻችንን ለመገሠጽ አይደለም። ባለፈው ዓመት በገዛ እጃችን የሠራነውን ሥራ ሕግ ምን እንደሚለው ጠይቀን ያገኘነው መልስ ዕረፍት ስለ ነሣን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ጓደኛችን ለሦስት ሳምንት ያህል እንቅልፍ አጣ። በመጀመሪያ ሳቅንበት፤ ቀጥለን ተቆጣነው፤ በመጨረሻ ፈራነው። አንድ ሌሊት «ይጠሩኛል» እያለ አንድ እግሩን ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት አውጥቶ አገኘነው። አራት ሆነን ያዝነው። በአልጋ ልብስ እጁንና እግሩን አሠርነው፤ ፕሮክተሩ የግቢውን መኪና አስመጣልንና ወደ አንድ ሆስፒታል ወሰድነው። የሆስፒታሉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ የምንከሰው የለንም።

ተረኛዋ ነርስ በዕድሜ ከእኛ እምብዛም የማትበልጥ ነበረች። ሁለት ክፍል ሙሉ ሕመምተኛ በእርሷና በአንድ ዘበኛ እጅ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን ሆነ?» የሚል አልነበረም፤ «ማን ነው ያሠረው?» አለች። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። «ሐኪም አይቶታል? ፖሊስ ያውቃል? ቤተ ሰቦቹስ?» ብትል ለሦስቱም መልስ አልነበረንም። ጎንበስ ብላ በመጀመሪያ የእግሩን፣ ቀጥላ የእጁን ማሠሪያ ፈታች፤ ስትፈታም ስሙን ጠይቃ በስሙ እየጠራች ታነጋግረው ነበር። መርፌ ልትወጋው መሆኑን ስትነግረው እምቢ አለ። «እሺ፣ እንጠብቅ» ብላ ውኃ አመጣችለት። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀች። በኋላ ተነሥቶ ወደ በሩ ሲሮጥ ግን ዘበኛውና እኛ ይዘንላት ወጋችው። እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ የስምምነት ወረቀት አቀረበችልን። ከመካከላችን አንዱ ፈረመ፤ «ዝምድና» በሚለው ቦታ ላይም «ወንድም» ብሎ ጻፈ። ሲስተር ወረቀቱን አየች፤ የፈረመውን ልጅ አየች፤ ምንም አልተናገረችም። ጓደኛችን በዚያ 22 ቀን ተኛ። እናቱ ከአገር ቤት የደረሱት በስድስተኛው ቀን ነው።

ይህን ለአንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን ስናጫውተው፣ እንደ ሕግ ተማሪዎች ሁሉ፣ ወዲያው መጽሐፉን ገለጠብን። በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20 ማንኛውም ሰው የሐኪም ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የተተወው ቀዳዳ ጠባብ ነው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል እንደ ክትባት ያለውን ግዴታ የሚያዙ ሕጎች እንደ ተጠበቁ ናቸው፤ እንዲሁም አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅና በፍርድ ለተከለከለ ሰው አሳዳሪው ለጤናው የሚበጀውን ሕክምና ሊያስደርግለት ይችላል። ጓደኛችን 21 ዓመቱ ነው፤ ፍርድ ቤት የከለከለው ሰው አይደለም። ስለዚህ በዚያ ሌሊት፣ በዚህ ቁጥር መሠረት፣ እሺ ወይም እምቢ ለማለት መብት የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱም በአልጋ ልብስ የታሠረው ነው። በቁጥር 20 ውስጥ ለወንድም የተሰጠ ቦታ የለም፤ ለውሸተኛ ወንድምማ ይቅርና።

የበለጠ ያስደነገጠን ግን ወደ ፊት ገልጠን ቁጥር 341 እና 342 ላይ ስንደርስ ነው። ሕጉ እብደቱ በግልጽ የታወቀ ሰው የሚለው ማንን እንደ ሆነ የሚናገረው እዚህ ነው። በቁጥር 341 መሠረት በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል ወይም በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ የተኛ ሰው፣ በዚያ ለሚቆይበት ጊዜ ሁሉ፣ እብደቱ በግልጽ እንደ ታወቀ ይቆጠራል። በቁጥር 342 ደግሞ ነዋሪው ከ2000 በሚያንስ የገጠር አካባቢ፣ ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና በዚሁ ምክንያት እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ ያደረጉት ሰው እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው በዚያ ጊዜ የሸጠውና የተዋዋለው ሁሉ በኋላ ሊፈርስ ይችላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ደግመው ያንብቡት። በከተማ የሆስፒታሉ መዝገብ፣ በገጠር የቤተ ሰቡ ጥበቃና ማሠሪያ ለእብደቱ ማረጋገጫ ሆነው ይቀርባሉ። ሕጉ ገመዱን ስለ ሰውየው ይጠይቀዋል፤ ሰውየውን ግን ስለ ገመዱ አይጠይቀውም። አሳሪው በቂ ምክንያት ነበረው ወይ፣ ሐኪም አይቷል ወይ፣ ስንት ቀን ታሠረ የሚለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ውስጥ የለም። በእርግጥ ለሕጉም ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። ዓላማው ሕመምተኛውን ከአታላይ ለመጠበቅ ነው፤ በሕመሙ ሰዓት በሬውን ወይም ቤቱን በርካሽ ያስፈረሙት ሰዎች እንዳይጠቀሙበት ነው። ይህን የሚነቅፍ የለም። ዳሩ ግን ለንብረቱ ይህን ያህል የተጨነቀ ሕግ ስለ እጁና ስለ እግሩ ዝም ማለቱ ይገርማል። ከዚያ ወዲህም ለ60 ዓመታት ያህል አገራችን ራሱን የቻለ የአእምሮ ሕሙማን አዋጅ ሳታወጣ ቆይታለች።

እንግዲህ ያችን ነርስ አስቡ። እርሷ በመዝገቡ ላይ ስም ስትጽፍ የሙቀትና የደም ግፊት ልክ ብቻ አይደለም የምትጽፈው፤ የአንድን ዜጋ የሕግ ሁኔታ ትለውጣለች። የዳኛ ሥራ ትሠራለች፤ ነገር ግን የዳኛ ሥልጣን የላትም፣ የዳኛም ከለላ የላትም። ብትወጋው እምቢ ያለን ሰው በጉልበት ነካች ይባላል። ብትለቀውና ቢሞት ሕመምተኛ ለቀቀች ይባላል። ሐኪሙ ጠዋት ነው የሚመጣው። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ የአእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት ሸክሙን በአብዛኛው የተሸከመው ማን እንደ ነበረ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

«ታዲያ ከመስኮቱ ይውደቅ ነበር ወይ?» የሚለን ጓደኛ አይጠፋም። እኛም ለራሳችን ብዙ ጊዜ ብለነዋል። አይደለም፤ አይውደቅ። ያን ሌሊት ዳግመኛ ቢመጣ ዳግመኛ እንይዘዋለን። ነገር ግን የጨነቀው ሰው በአንድ ሌሊት ያደረገው ነገር ለ22 ቀን ፈቃድ ሆኖ ማገልገሉ ልክ አይደለም እንላለን። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሰውነቱ ረግቶ፣ የት እንዳለ እያወቀ፣ «ለምን ተኛሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ያገኘው መልስ «ወንድምህ ፈርሟል» የሚል ነበር። በዚያች ሰዓት አደጋው አልፎ ነበር፤ የቀረው ፊርማችን ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር በሰዓት ለክተውታል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ፣ በፈቃዱ የተኛ ሕመምተኛ ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው አደጋ በሚያሠጋ ሁኔታ ልውጣ ሲል፣ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ነርስ ሐኪም እስኪደርስ ቢበዛ 6 ሰዓት እንዲያቆየው ሥልጣን ሰጠ። ነርሱ ምክንያቱን በጽሑፍ ያሰፍራል፤ ሰዓቱ ይቆጠራል። ስድስት ሰዓት ይብዛ ይነስ ሌላ ክርክር ነው። ቁም ነገሩ ለነርሷ ሥልጣን ሲሰጣት ወሰንም አብሮ መሰጠቱ ነው። የባዕድ ሕግ እንገልብጥ ማለታችን እንዳይመስላችሁ፤ የራሳችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ምክንያትና ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንደማያጣ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም፣ የአእምሮ ሕመምን ጨምሮ፣ ጉዳት ብቻውን ነጻነትን ለመንፈግ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በአንቀጽ 14 ያዛል። እንግዲህ «በሕግ የተደነገገው ሥርዓት» በሌሊቱ ስምንት ሰዓት በተረኛ ክፍል ውስጥ የት ነው የሚገኘው? ያየነው አንድ ቅጽና አንድ እስክሪፕቶ ብቻ ነው።

ስለ ገጠሩም ጥቂት ማለት አለብን፤ አብዛኞቻችን የመጣነው ከዚያ ነውና። ልጁን በሰንሰለት ያሠረ አባት ጨካኝ ነው ብሎ መፍረድ በከተማ ለተቀመጠ ሰው ቀላል ነው። ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ጎረቤት እንዳይደበድበው፣ ጅብ እንዳይበላው የሚያሥር ብዙ ነው። ጠበል ቦታ የሚታሠረውም እንዲሁ በአብዛኛው በተስፋ ነው የሚታሠረው። ቡታጅራን በመሰሉ ከተሞች በነርሶች የሚመራ የአእምሮ ሕክምና ከተከፈተ ወዲህ በቅርብ መድኃኒት ያገኘ ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱን ራሱ ይፈታዋል። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ጥያቄው መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። በክፍለ ሀገር የሚሠሩ አንድ ነርስ እንዳጫወቱን፣ እናቶች «መድኃኒቱን በቡናው ልጨምርለት?» እያሉ ይጠይቋቸዋል። እሺ ቢሏቸው ልጁ ሳያውቅ መታከሙ ነው፤ እምቢ ቢሏቸው እናትየው ወደ ሰንሰለቱ ትመለሳለች። «ምን ይመልሳሉ?» ብንላቸው «እስቲ አንድ ጊዜ እኔ ላናግረው እላለሁ፤ ከዚያ የሚሆነውን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉን። የእርሳቸውን መልስ የምንነቅፍበት አፍ የለንም።

አንድ ነገር ደግሞ ለነርሷ ክብር ሲባል ይነገር። ጓደኛችን በተኛ በሳምንቱ ሄደን «ሕመሙ ምን ይባላል? ይድናል ወይ? ትምህርቱንስ ይቀጥላል?» ብለን ብንጠይቃት «ይህን የምነግረው ለራሱ ነው» ብላ መለሰችን። ያመጣነው እኛ ሆነን ሳለ ይህን ማለቷ አስቆጥቶን ነበር፤ አንዳችንማ ኩራት ነው ብሎ ነበር። በኋላ ስናነብ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በሥራው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ባለሙያን እንደሚቀጣ፣ ነርሶችንም እንደሚጨምር ተረዳን። እንግዲያስ የሕመምተኛውን ምስጢር ለሚያወጣ ሰው ቅጣት ተጽፎ ሳለ፣ ራሱን ሕመምተኛውን ስለሚይዝ ሰው ይህን ያህል የጠራ ነገር አለመጻፉ ምን ይባላል?

ማኅበራችን አዋጅ ሊያወጣ እንደማይችል እናውቃለን። ሊያደርገው የሚችለው ግን አለ። ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡት የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ወደ እስረኞችና ወደ ድኾች ሲሄዱ አይተናል፤ ወደ አእምሮ ሕሙማን ክፍልም ይሂዱ። የስምምነቱ ቅጽ ለዘመድ ፊርማ ቦታ እንዳለው ሁሉ «ሕመምተኛው እምቢ ብሏል፤ ሰዓቱ ይህ ነው፤ ምክንያቱ ይህ ነው» የሚል መስመር እንዲኖረው፣ በማግሥቱም ሰውየው እንደ ገና እንዲጠየቅ፣ ማኅበሩ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጻፍ። ይህ ገንዘብ አይፈጅም፤ ነርሷንም ከሰው ሁሉ በፊት የሚጠብቃት ይኸው መስመር ነው። በየማደሪያው ያሉ ፕሮክተሮችም እንዲህ ያለ ሌሊት ሲመጣ ለማን እንደሚደውሉ ይነገራቸው፤ አልጋ ልብስ ለመኝታ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማባዛታችን በፊት ለጓደኛችን አስነበብነው፤ እርሱ ካልፈቀደ አይወጣም ብለን ተስማምተን ነበርና። አሁን ትምህርቱን ቀጥሏል። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ወንድም» ብሎ የፈረመው ማን እንደ ሆነ ጠየቀን፤ ነገርነው፤ ሳቀ። ከዚያ መርፌውን እምቢ አለ የምትለዋ ቦታ ላይ ጣቱን አኖረና እንድናርማት አዘዘን። እኛ እንደ ጻፍናት ትተናት እርማቱን እዚህ አኖርነው። እርሱ እንደሚለው እምቢ አላለም፤ መድኃኒቱ ስሙ ምን እንደሚባል ነበር የጠየቀው።