በሦስት መስመር የተፈረደባቸው ፊልሞች

በፊልም ሂስ ስም የሚታተም አንድ አጭር የጽሑፍ ዓይነት አለ። ርዝመቱ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም፤ ከግርጌው የኮከብ ምልክት ይሰፍርበታል፤ በመካከሉም «ዘገምተኛ»፣ «ከባድ»፣ «ለጥቂት አዋቂዎች ብቻ የሚሆን» ከሚሉት አባባሎች አንዱ አይጠፋም። ከትልልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ውጭ በግል ጥረትና በአነስተኛ ገንዘብ የተሠሩ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። ፈራጁ ፊልሙን ተመልክቶ ተሰላችቷል፤ መሰላቸቱንም የፊልሙ ባሕርይ አድርጎ ይጽፈዋል። ከዚያም አንድ እርምጃ ተራምዶ ስለ ሌላው ሰው መመስከር ይጀምራል፤ «ሰፊው ተመልካች ይህን አይወደውም» ይላል። ለመሆኑ ሰፊው ተመልካች መቼ ተጠየቀ? ፊልሙ በየትኛው ሲኒማ ቤት፣ በስንት ብር የመግቢያ ዋጋ፣ በየትኛው ቋንቋ ቀርቦለት ነው አልወድም ያለው?

የጽሑፉ ማጠር በራሱ ነውር አይደለም። ነገሩን ያወቀ ሐያሲ በአምሳ ቃላት የአንድን ፊልም ልብ አውጥቶ ማሳየት ይችላል። ነውሩ ያለው የገበያን ሥራ የኪነ ጥበብ ጉድለት አስመስሎ ማቅረቡ ላይ ነው። አከፋፋይ ያላነሣው፣ ሲኒማ ቤት የዘጋበት ፊልም፣ ጥቂት ሰው ብቻ ስላየው «የጥቂቶች ፊልም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ምክንያቱ ውጤት፣ ውጤቱም ምክንያት ይሆናል።

ለዚህ ግልብ ፍርድ ማስረጃ የሚሆነው ጥቁር አሜሪካዊው ቻርልስ በርኔት የሠራው «የበግ አራጅ» የተሰኘው ፊልም ነው። በርኔት በሎስ አንጀለስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ በየሳምንቱ መጨረሻ እየቀረጸ፣ አብዛኞቹን ተዋንያን ከሰፈሩ ነዋሪዎች መርጦ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ለመመረቂያ አቀረበው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1990 ተጠብቀው ሊቆዩ ከሚገባቸው የአገሪቱ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። በሲኒማ ቤት ለገበያ የቀረበው ግን በ2007 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ከሕዝብ ዓይን ያራቀው ምን ነበር? አዝጋሚነቱ ነውን? ጥልቀቱ ነውን? አንዱም አይደለም። በፊልሙ ውስጥ ለሚሰሙት ዘፈኖች የባለመብትነት ክፍያ አልተፈጸመም ነበር። የመብቱ ዋጋ ፊልሙን ለመሥራት ከወጣው ገንዘብ ብዙ እጥፍ ስለነበረ ሥራው በጣሳው ውስጥ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ዘመን «የፊልም አፍቃሪዎች ምስጢር» እያሉ ያሞካሹት ሰዎች ምስጢሩ የሒሳብ ሰነድ መሆኑን ለአንባቢ መንገር ነበረባቸው።

ወደ ይዘቱ ሲመጡ ደግሞ «ምንም ድርጊት የለበትም» የሚለው ክስ አለ። ስታን የሚባለው ዋነኛው ሰው በበግ ማረጃ ድርጅት ተቀጣሪ ነው። አንድ ቀን ከባልንጀራው ጋር ሆኖ ደመወዙን ይዞ አሮጌ የመኪና ሞተር ይገዛል። ሁለቱ ሞተሩን ተሸክመው ደረጃውን ይወርዳሉ፤ ያቃስታሉ፤ ያርፋሉ፤ እንደገና ያነሣሉ። በጭነት መኪናዋ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡትና፣ የአንዱ ጣት ስለተጎዳ ወደ ውስጥ ሳይገፉት ይቀራሉ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ስትንቀሳቀስ ሞተሩ ወድቆ ይሰበራል። ካሜራው የወደቀውን ብረት እያየ ከመኪናዋ ጋር ይርቃል፤ ስታን አይጮኽም፤ ሙዚቃም አይነሣም። ትዕይንቱ በሠላሳ ሰከንድ ቢቆረጥ ኖሮ ተመልካቹ ይስቅና ያልፈው ነበር። የሸክሙ ርዝመት ስለተጠበቀ ግን፣ የአንድ ወዛደር የሳምንት ደመወዝ በአንድ ቅጽበት እንዴት እንደሚጠፋ ትከሻው ላይ ይሰማዋል። ይህን «ዘገምተኛ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሞተር ተሸክሞ ደረጃ ወርዶ አያውቅም ማለት ነው።

ይኸው ክስ በአማርኛ በተሠራው ታላቅ ፊልም ላይም ደርሷል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ የዘውዱ አገዛዝ በወደቀበት የሽግግር ወቅት በሁለት ሳምንት ገደማ ተቀርጾ በ1976 ለዓለም ታየ። ርዝመቱ 150 ደቂቃ ያህል ነው። ተዋንያኑ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከከፍታው ይጮኻል፤ ጭሰኛው ከታች ያርሳል። የባለርስቱ ድምፅ ከሰውነቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሰውየው ሳይነሣ ማሳውን ይሞላዋል። ከብት የምትጠብቀው ልጅ የጌታውን ላም ከጎርፍ ለማዳን ስትል ትሞታለች። በጠላት ዘመን ተዋግቶ መሬቱን የተነጠቀው፣ አገሩ «እብድ» ብሎ የናቀው ከበበ፣ በመጨረሻ ባለርስቱን በዱላ ቀጥቅጦ ይገድላል።

ፊልሙ ይረዝማል የሚሉት ተቺዎች መመለስ ያለባቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ የትኛው ደቂቃ ይውጣ? የእርሻው ነው? ውኃ የመቅዳቱ ነው? ጭሰኛው በጌታው ፊት ቆሞ የሚጠብቅበት ነው? የሥርዓቱ ግፍ ያለው እዚያው መጠበቁ ውስጥ ነው። የሰውን ዕድሜ መብላት የሚታየው ጊዜ ሲታይ ነው፤ ካሜራው ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ ከበበ ዱላውን ሲያነሣ የሚታየው የአንድ ቁጡ ሰው ጠብ ብቻ ይሆን ነበር። እርግጥ ነው፣ ፊልሙ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ ከበበ አንዳንድ ጊዜ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተናጋሪ ጽሑፍ ይለፈልፋል፤ ከባለርስቱ ወንበር የተገኘው ኃይል በቃል ሲደገም ይደክማል። ነገር ግን ይህን ጉድለት ያነሣ አጭር ፍርድ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁሉም ሰዓቱን ቆጥሮ ያበቃልና።

«ሕዝቡ አይወደውም» ለሚለው ደግሞ የዚሁ ሰው ሌላ ሥራ መልስ ሰጥቷል። «ሳንኮፋ» በ1993 በበርሊን የፊልም በዓል ለውድድር ቀረበ። በጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶግራፍ ስትነሣ የነበረች ጥቁር ሴት፣ ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ በሸንኮራ እርሻ ላይ በባርነት ስትሠቃይ ያሳያል። የአሜሪካ አከፋፋዮች አናነሣውም አሉ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና አልተቀመጡም፤ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤቱን በራሳቸው ኪራይ ያዙ፤ በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር ተዘዋውረው ሰው ጠሩ። ሰልፉ መንገድ ያዘ፤ ፊልሙ ለሳምንታት ታየ፤ ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ዞረ። በኋላም ባልና ሚስቱ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚሁ ፊልም ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። «ለጥቂቶች» የተባለው ፊልም በሩ ሲከፈት ምን ያህል ሰው እንደሚያስገባ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል? በ2021 ፊልሙ ታድሶ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ እንኳ ብዙዎች እንደ አዲስ ግኝት ነበር የተቀበሉት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ቀድሞ ተሰልፎ የገባውን ሰው ግን ማንም አልቆጠረውም።

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤንም ልብ ወለድ ጸሐፊ ሳለ ወደ ፊልም የተሻገረው፣ አብዛኛው ወገኑ ማንበብ ስለማይችል እንደነበረ የታወቀ ነው። በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ቋንቋ ሠራ፤ ሥራዎቹንም ይዞ ወደ ገጠር ወጣ። የሴምቤን ፊልም ግን በፓሪስ ጋዜጣ ሲመዘን «አርት ፊልም» ነው።

ከነቃፊዎቹ የማይሻሉ አሞጋሾችም አሉ። እነዚህ «ካልት» የሚል ስም ለጥፈው ፊልሙን የሚወዱት ጥቂት ሰው ስላየው ብቻ ነው፤ ጎረቤት ካየው ያስጠላቸዋል። የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» (1973) በእነርሱ እጅ ከወደቁት አንዱ ነው። ሞሪና አንታ የተባሉ ወጣቶች ዳካርን ጥለው ፓሪስ ለመሄድ ገንዘብ ፍለጋ ይንከራተታሉ፤ መርከቡ ሲነሣ አንታ ትሳፈራለች፣ ሞሪ ወደ ኋላ ይሮጣል። የከብት ቀንድ የታሰረባት ሞተር ብስክሌት በ2018 የቢዮንሴና የጄይ ዚ የሙዚቃ ጉዞ ማስታወቂያ እስከ መሆን ደርሳለች። በፊልሙ መጀመሪያ የሚታየው የቄራ ደም ግን በማስታወቂያው ላይ የለም። ሞሪን ከመርከቡ ድልድይ የመለሰው ያ ደም ነው፤ ቀንዱ ያለ ቄራው ጌጥ ብቻ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ባዶ ሆኖ የሚዘገይ ፊልም መኖሩ አይካድም። ዳይሬክተሩ የሚለው ሲያጣ ካሜራውን መስኮት ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ ተመልካቹም መስኮቱን እያየ ትርጉም እንዲፈጥርለት ይጠበቃል። እንዲህ ያለውን ማጋለጥ የሐያሲ ግዴታ ነው። ግን በመስኮቱና በሞተሩ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ቢያንስ አንድ ትዕይንት ተነሥቶ ማን ምን እንደሚሠራበት፣ ለምን ያን ያህል እንደ ቆየ መነገር አለበት። ይህ ሦስት መስመር አይፈጅም ቢባል አራት መስመር ይፈጃል። የመጽሔቱ ገጽ ከጠበበም ኮከቦቹ ይቅሩና በእነርሱ ስፍራ ፊልሙ የት እንደሚገኝ ይጻፍ።