ቆርቆሮው አጠገባችን፣ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚመረትባት ኮምቦልቻ እግራችን ሥር እያለች፣ የደሴ ልጅ የማግኔትን ነገር ከጥቁር ሰሌዳ ብቻ መማሩ አይዋጥልኝም።

ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡ። በክር የታሰረ አግራፍ ሳይነካው ወደ እሱ ተስቦ አየር ላይ ይቁም። በመሃል ወረቀት፣ ፌስታል፣ የአሉሚኒየም ፎይል አስገቡ፦ ንቅንቅ አይልም። ቆርቆሮ አስገቡ፦ ዱብ! ብረት የማግኔቱን ኃይል አያጠፋውም፤ በራሱ ውስጥ አዙሮ ይመልሰዋል። ስስ ከሆነ ግን ይጠግብና የተረፈው ያልፋል፤ ያኔ ደርቡበት።

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፔስሜከር የተተከለላቸው እናት አባቶች አሉ፤ «በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ» አያድናቸውም። ለእነሱ ከቆርቆሮም የሚበልጠው ርቀት ነው፦ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር።

መምህራን፣ እስቲ ነገ ክፍል ውስጥ ሞክሩት!